የጎደለችው ጠጠር

ግንቦት 4፣ ጠዋት

ዛሬም ት/ቤት ቀረሁ። ወንድሜ ማሙሽ በሸና ቁጥር ጩኸቱ ጣራ ይነቅላል። ገና ስምንት ወሩ። ብልቱን ጨምድዶ ይዞ እንደ በርበሬ ይቀላል። አያቴ አያ ቢተው ሳቁ፦ «ጀግና ነው! መሣሪያውን ካሁኑ ጨብጧል!» እማዬ አልሳቀችም።

አዋላጇ እትዬ ማንጠግቦሽ (ከእንግዲህ እ.ማ.፤ ስማቸው ገጽ ይፈጃል) ውኃ ከለከሉት። ካልጠጣ አይሸናም፣ ካልሸና አያለቅስም። አያ ቢተው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደብተሬ፣ ይህን ብልሃት ለአህያችንም ልንገራት፤ ሣር ካልበላች ፋንድያ መጥረግ ቀረልኝ።

ግንቦት 6፣ ከሰዓት

ለቅሶው ቀነሰ። እ.ማ. ኮሩ። ግን ጨርቁ ላይ ሁለት ጠብታ ብቻ፣ እንደ አተላ የጠቆረ። ገላው እሳት። እየተሻለው ነው እየባሰበት? ምኑም አልገባኝ።

እማዬ አዝላው ዳንግላ ክሊኒክ ሄድን። ድሬሰሩ ሆዱን ነካክቶ፣ ፊኛው ውስጥ ድንጋይ ሳይኖር አይቀርም አለ። ድንጋይ! ቤት ስንናገር አያ ቢተው ወደኔ ዞሩ፦ «የገበጣሽን ጠጠር አጉርሰሽው ነው፣ አንቺ ቀበጥ!»

ጠጠሮቼን ቆጠርኩ። 48 መሆን ነበረበት። 47። ደገምኩ። 47። እማዬ ቀና ብላ አላየችኝም። እኔ ነኝ እንዴ?

ግንቦት 7፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ለብቻዬ ድሬሰሩ ጋ ሮጥኩ። የተዋጠ ጠጠር በሰገራ ይወጣል እንጂ ፊኛ አይገባም አለኝ። ይኼ እዚያው የሚረጋ ነው፤ ውኃ ሲያጥር ይብሳል። ፈልቶ የበረደ ውኃ ስጡት። ማውጣቱ ግን የባሕር ዳር ሆስፒታል ሥራ ነው። ነገ ጠዋት የእህል መኪና ይነሣል።

ቤት ስነግራቸው አያ ቢተው፦ «ሕፃን በካራ? እኔ በቁሜ እያለሁ!» እማዬ እሳቸው ሂጂ ካላሏት ከደጅ አትወጣም።

ያቺ አንድ ጠጠርስ?

ያው ቀን፣ 9 ሰዓት

የአያ ቢተውን ጋቢ ላጥብ ስል ከጫፉ ቋጠሮ ጠጠሬ ዱብ! ቅዳሜ ገበጣ ስረታቸው ሰርቀው ኖሯል። ልሳቅ ላልቅስ? እኔን ሲወነጅሉ ረስተዋት ነው ወይስ እያወቁ?

ማሙሽን ተደብቄ በማንኪያ ውኃ አጠጣሁት። ሸና። ጮኸ። ደግ ነው ክፉ? አላውቅም።

ወስኛለሁ። ጠጠሯን መዳፌ ላይ አድርጌ አሳያቸዋለሁ። እማዬን «ነገ በመኪናው ሂጂ» ካሏት አፌ ዝግ ነው። ካላሉ፣ የሰንበት ማኅበራቸው ሁሉ ይስማ፤ የመንደሩ አስታራቂ አያ ቢተው፣ ከልጅ ልጃቸው ጠጠር የሚሰር…

ከዘራቸው ደጅ ላይ ተሰማኝ። ልነሣ።