ያልታጠበው ሽርጥ

ልጄ፣ እናትሽ ልሙትልሽ፤ የረገጥሽው መሬት ሁሉ ይለምልምልሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጽሕፈቴ ቢጣመም አትሳቂ፤ በስልሳ ዓመቷ ፊደል የቆጠረች ሴት ይህን ያህል ከጻፈች ይበቃታል።

ያ ስድብ ብቻ ያተረፈልኝ የሰፈራችን የቅርስ ቀን በሦስተኛ ዓመቱ ሰው አገኘ። አምና እኔና ዘበኛው ባዶ ወንበር ስንጠብቅ ነበር የዋልነው። ዘንድሮ የአዳራሹ ኃላፊ፣ «አሥር ቤት ካልመጣ ከእንግዲህ አዳራሽ የለም» አለኝ። በየበሩ እየዞርኩ፣ «የእናት የአባታችሁን የሥራ ዕቃ ይዛችሁ ኑ» ብዬ ለመንኩ። አክስትሽ፣ «ይቺ ሴትዮ ጃጀች እንዴ?» ብላብኛለች፤ አልረሳላትም።

አሥራ አራት ቤት መጣ! ግን ሰው ያየናል ብለው ዕቃውን ሁሉ አሳድሰውታል። አናጢው ጎረቤታችን የአያቱን መጋዝ እጀታ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶት መጣ። ብቆጣው፣ «እትዬ፣ አያቴን በሰው ፊት በቆሻሻ ላዋርደው?» አለኝ።

እኔም አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጫማ ሲሰፋ ይታጠቀው የነበረውን ሽርጥ፣ ከነሙጫው ከነቀለሙ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አናጢው ጠርዙን ዳሰሰና፣ «ጋሼ እጃቸውን የሚጠርጉት እዚህ ጋ ነበር» ብሎ እንባው ዱብ ዱብ አለ። አክስትሽም አለቀሰች፤ ቂሜን ግን ገና አልተውኩም። ኃላፊውም ለከርሞ ፈቀደልኝ።

የአባትሽ ባርኔጣ አንቺ ጋ ነው። አጥበሽው ከሆነ አልቆጣሽም፤ ካላጠብሽው ግን አደራ፣ እንዳታጥቢው። ለከርሞ አንቺው ራስሽ ይዘሽልኝ ነይ። እስከዚያ የሰው ፍቅር አይለይሽ፣ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

እናትሽ