ዐሥሩን አውታር በቀኝ እጃቸው እንደ አዲስ የተማሩት የአቶ አበጋዝ መሸሻ የሕይወት ታሪክ

አባታችን አቶ አበጋዝ መሸሻ ከሸዋ መጥተው ቢላ ከሰፈሩት ከአቶ መሸሻ ወልዴና ከወይዘሮ ወርቂቱ ጉሉማ በ1890 ዓ.ም. ቢላ ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ በ1906 ዓ.ም. ነቀምቴ ገብተው ከመምህር ሀብተጊዮርጊስ ዘንድ በገና ተማሩ። መምህሩ አንዱን ዜማ ሳያጠሩ ወደ ሌላው የማያሳልፉ ስለነበሩ የመጀመሪያው መዝሙር ብቻ አንድ ዓመት ፈጀባቸው። መተዳደሪያቸው አናጢነት ነበር፤ የሠሯቸው በርና መስኮቶች ዛሬም በከተማችን ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ።

በ1917 ዓ.ም. ከወይዘሮ ድርቤ ነመራ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ።

በ1938 ዓ.ም. ቢላ ላይ ቤት ሲያቆሙ ምሰሶ ወድቆ በገና የሚደረድሩበትን ግራ እጃቸውን አደቀቀው። ሦስት ጣቶቻቸው ዳግመኛ አልታጠፉም። የአናጢነቱን ሥራ እንደምንም ቢቀጥሉም በገናውን በጨርቅ ጠቅልለው ሰቀሉት፤ ሁለት ዐቢይ ጾም ከደርዳሪ ጓደኞቻቸው ሸሽተው አሳለፉ። በሦስተኛው ጾም ወይዘሮ ድርቤ በገናውን አውርደው በቀኛቸው በኩል አቆሙላቸውና «ቀኝ እጅዎ ምን በደለ? ሱታ፣ ሱታ» አሏቸው፤ ቀስ ይበሉ ማለታቸው ነበር።

አባታችን በሃምሳ ዓመታቸው እንደ ጀማሪ ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ወር በአንድ ጣት አንዲት አውታር ብቻ ሲነኩ ከረሙ። ጣታቸው ሲሳሳት አይቆጡም፤ ቆም ብለው ከመነሻው ይጀምራሉ። እኛ ልጆቻቸው ያቺ ድምፅ ሰልችታን ከቤት የወጣንበት ቀን ብዙ ነው።

በ1944 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም በደብራችን ምእመናን ፊት ደረደሩ። መሐል ላይ ጣታቸው ስቶ ዜማው ተቋረጠ። «ወገኖቼ ታገሡኝ፣ ከመጀመሪያው ልነሣ» አሉ። ከቦታው የተነቃነቀ ሰው አልነበረም። መዝሙሩን እስከ መጨረሻው አደረሱት፤ እናታችንም በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ ዐሥራ አንድ ደርዳሪዎችን አስተምረዋል። ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሚያዝያ 12 ቀን 1959 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ድርቤን፣ ልጆቻቸውን ወይንሸትን፣ ተካንና ዘርፈሽን እንዲሁም ሰባት የልጅ ልጆችን ትተውልን ሄደዋል።

የደካማውን ልፋት የማይንቅ አምላክ የአባታችንን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን፤ ለእናታችንም ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።