ስለ ምርምር ልምዴና ስለ አቶ ራትሊፍ ደረት

ለክቡር ዶክተር ሃልስተን ፒርስ፣
የሐኪም ረዳቶች ትምህርት ቤት የቅበላ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በወረዳችን ጋዜጣ ወጥቶ ሲያነቡት እርስዎም ቤተሰብዎም ደኅና እንደምትሆኑ፣ በተለይ ደረትዎን ቀለል ብሎዎት አየር እንደ ልብ እንደሚገባና እንደሚወጣ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በምሥራቅ ኬንታኪ የከሰል ማዕድን መንደሮች ስድስት ዓመት በአምቡላንስ ያገለገልኩ፣ ሰው መርምሬ መድኃኒት ማዘዝ የምችል የሐኪም ረዳት ለመሆን ሁለት ጊዜ ደጅዎን የጠናሁ ቨርና ስታምቦ ነኝ። ምርምር ሥርዓት ያስተምራልና፣ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በትምህርት ቤትዎ ገጽ ላይ የምርምር ልምድ «አይጠየቅም፣ ቢኖር ግን ይመረጣል» ተብሎ ስለተጻፈ አመሰግናለሁ። እኔ ሞኟ የመጀመሪያዋን ቃል አምኜ፣ ከሕመምተኞች ጋር ያሳለፍኩትን ዘጠኝ ሺህ ሰዓት ብቻ ይዤ አመለከትኩ። እርስዎም ሥራ ቢበዛብዎትም ራስዎ ደውለው «ልብሽ ጥሩ ነው ቨርና፤ ግን ምርምር የሚባል ነገር የለሽም እኮ። ሌሎቹ አላቸው» አሉኝ።

፪. በምክርዎ መሠረት አምቡላንሱን ትቼ፣ በጡረተኛ የማዕድን ሠራተኞች ሳንባ ላይ በሚደረግ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆንኩ። ሥራው ንጹሕ ነው። ሰውየው ቱቦ ውስጥ ይተነፍሳል፣ እኔ የትንፋሹን ልክ በቁጥር እጽፋለሁ። የሚያመው ነገር ካለ ቅጽ ዘጠኝ ላይ ይሞላል፤ ቅጽ ዘጠኝን ሐኪም የሚያየው በወር መጨረሻ ነው።

፫. ከሁለት ሳምንት በፊት ማክሰኞ ጠዋት አቶ ኤልዉድ ራትሊፍ ቱቦውን ከአፋቸው አውጥተው «ቨርና ልጄ፣ ዛሬ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ይመስለኛል። ግራ እጄም ደንዝዟል» አሉኝ። ግንባራቸው በላብ ርሷል። በአምቡላንስ ዘመኔ ቢሆን ኖሮ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ወደ ሆስፒታል መንገድ ላይ ነበርን። ወደ ኃላፊዬ ወደ ብሬንት ዞር ብል «እኛ እዚህ አናክምም፣ እንመዘግባለን። ነካክተሽ መረጃውን እንዳታበላሺብኝ» አለኝ። ለእርስዎ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልኝም እሱ ነበር። ሞላሁ፦ የደረት ሕመም፣ አዎ። አቶ ራትሊፍ ፊቴን አይተው «አንቺ ካልፈራሽ እኔም አልፈራም» ብለው ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ።

በማግስቱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኦፓል አቶ ራትሊፍን ዶሮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሞተው አገኟቸው። ስማቸውን የምጽፈው ወይዘሮ ኦፓል «ጻፊው፣ ሰው ሁሉ ይወቀው» ስላሉኝ ነው። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ማሾፍ አልቻልኩም። አፍሬአለሁ።

፬. ባለፈው ሳምንት የመቀበያ ደብዳቤዎ ደረሰኝ። «የምርምር ልምድዎ ኮሚቴውን በእጅጉ አስደስቷል» ይላል። ኮሚቴው ደስ ስላለው እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

፭. ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ቅጽ ዘጠኝ ተቆልፎ የሚቀመጥበትን መሳቢያ ከፈትኩ። «አዎ» የተሞላባቸው ሌሎች ሰባት ቅጾች ነበሩ። ስማቸውን ገልብጬ ቤት ለቤት ዞርኩ፤ ሰባቱም ሐኪም ዘንድ ደርሰዋል፣ ሁለቱ እስካሁን ከአልጋ አልወረዱም። ብሬንት ድጋፉን እንደሚያነሳ፣ እርስዎም ቦታዬን ለሌላ እንደሚሰጡ አውቃለሁ፤ ለዚያች ቦታ ይህን ያህል ዓመት ለፍቻለሁና ያንገበግበኛል። ነገር ግን ጥናቱ በሌሎች አራት ወረዳዎችም ይካሄዳል፤ የእነዚያን መሳቢያዎች ቁልፍ አልያዝኩም። እዚያ ቅጹን የሚሞሉት ልጆች እንደ እኔ ወደ እርስዎ ለመግባት የሚመኙ ናቸው፤ ምክርዎንም በሚገባ ሰምተዋል። በጋዜጣ የጻፍኩት በዚህ ምክንያት ነው። ቱቦ ውስጥ የተነፈሳችሁ ሁሉ፣ የወሩን መጨረሻ አትጠብቁ።

ለወጣቶች ስለሚሰጡት አባታዊ ምክር ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት የእርስዎ እጩ ተማሪ የነበርኩ፣
ቨርና ስታምቦ

ማሳሰቢያ፦ ከመቀበያው ደብዳቤ ጋር ምርምሩ ምን እንዳስተማረኝ በሃምሳ ቃል እንድገልጽ ጠይቀው ነበር። ሃምሳ አላስፈለገኝም። ሰው ፊቴ እየሞተ የእጅ ጽሑፌ እንደማይበላሽ ተምሬአለሁ።