የጥበቃው ጃኬት

ይድረስ ለመጨረሻ ልጄ፤ አምላክ ከሚፈልግህ ክፉ ይሰውርህ፣ የወሰደህን መንገድ ለመመለሻም ያድርግልህ።

እኛ ደህና ነን። እህትህ ብቻ ምስጢርህን ካወጣች ወዲህ እህል አልወርድ ብሏታል። እኔን አክስቴ ጋ ልሰንብት ብለኸኝ፣ እሷን ወንድሜን ፈልጌ አመጣለሁ ብለሃት በአስራ ሰባት ዓመትህ ብቻህን ጦርነት ውስጥ! ታላቅህ እዚያ ድምፁ ቢጠፋ አንተን ልጨምርበት?

ቁጣዬ ይቆይና ይህን ስማኝ። ከስፌት ቤቴ ማንጠልጠያ ላይ ያነሳኸው አረንጓዴ ጃኬት ያንተ አይደለም። የባንኩ ጥበቃ በወታደርነቱ ጊዜ የለበሰው ነው፤ ዚፑን እንድቀይርለት ሰጥቶኝ ነበር። ያንተው አረንጓዴ እዚሁ ቀርቷል። ስትቸኩል እኮ ነው! እዚያ አገር በዚያ ልብስ ያየህ ሁሉ ወታደር ነው የሚልህ። ቁመትህ አባትህን አልፏል፤ ልጅ ነኝ ብትል ማን ያምንሃል?

ጥበቃው በየቀኑ ይመጣል፤ "አልደረሰልህም" እለዋለሁ። ትናንት ያንተን ጃኬት ተሰቅሎ ሲያይ ገባው። "እትዬ፣ የኔው ይቅርብኝ፤ ብቻ ልጁ ቶሎ ያውልቀው" አለኝ።

ጎረቤታችን የጭነት ሹፌሩ ለእህትህ ወደ ነገርካት አልጋ ቤት ይመጣልሃል። ያንተን ጃኬት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሰጥቼዋለሁ። እጅጌውን አስረዝሜዋለሁ፤ በግምት ነውና ቢያጥርህ አትቀየመኝ። የጥበቃውን እዚያው ጣለው።

እግዜር ጥላ ይሁንህ። ሹፌሩ ጋቢናው ውስጥ የሁለት ሰው ቦታ ይዞላችኋል። እባክህ፣ ወንድምህን ካገኘኸው ሁለታችሁም ኑ። ካላገኘኸው ግን፣ ልጄ፣ ብቻህን ና።

እናትህ