ቁርጥ ዋጋ በቁይ

ጥቅምት 12

ከደብረ ማርቆስ ስመለስ፣ አውቶቡስ ላይ ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ "እዚያ አዲሱ ሱቅ ጉሮሮ አይደርቅም። ዋጋው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ከፍሎ መውጣት ነው" አለች። አመንኳት። የእኔ ጉሮሮ ሱቅ ከከፈትኩ ሃያ ዓመት ሙሉ ደርቋል... አንድ ክንድ አቡጀዲ ጨርቅ ለመሸጥ የማወጣው ቃል ቢሸመን ለቁይ ሰው ሁሉ ጋቢ ይሆናል።

ጥቅምት 19

ሚስቴን ሀጀራንና ልጄን ቀድሪያን ይዤ ማርቆስ ሄድኩ። ሱቁን እንዲያዩ። ሀጀራ አዲሱን ሻርፕ አደረገች፤ ቀድሪያን መንገድ ላይ አስመለሳት። ሽርሽር ነው እንግዲህ።

ሀጀራ ፔርሙስ ወደደች። ሻይ ትኩስ እንዳለ የሚያውል። "የመጨረሻው ስንት ነው?" ስትል ሻጩ ወረቀቱን አሳያት።

"ወረቀቱን ማን ጠየቀው? አንተን እኮ ነው!"

ልጁ ፈገግ አለ። ፔርሙሱን አስቀምጣ ወጣች... ቀስ እያለች። በሩ ላይ ሻርፗን አስተካከለች። ጫማዋን አየች። ማንም አልጠራትም።

እስከ ቁይ ድረስ "አልጠሩኝም እኮ" ስትል መጣች። ፔርሙሱንማ ከመሳፈራችን በፊት እኔ ተመልሼ በተጻፈው ዋጋ ገዝቼው ነበር። አንድ ቃል አላወጣሁም። እንዴት ያለ ዕረፍት ነው!

ጥቅምት 20

"ዋጋችን ቁርጥ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ሻከረኝ። "ክቡራን ደንበኞቻችን" ጨመርኩበት። ከሥሩ፦ አቡጀዲ፣ ክንዱ ሃምሳ ሳንቲም። ተጨቃጭቀን ከምንደርስበት ያነሰ ነው። ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

"አባባ፣ ማን እንዲያነበው ነው?" አለች ቀድሪያ።

"ገዢው ነዋ!"

ስድስተኛ ክፍል ደርሳ እንዲህ ትጠይቃለች...

ጥቅምት 26፣ ገበያ

ባዘዘው መጣ። ገበሬ ነው፤ ሱቁን ከከፈትኩበት ቀን ጀምሮ ደንበኛዬ። አቡጀዲ ፈለገ። ሃምሳ አልኩት። "አርባ!" አለ። በጣቴ ግድግዳውን አሳየሁት። ግድግዳውን አየ፤ እኔን አየ።

"አሞሃል?"

"ደህና ነኝ።"

ወጣ። እንደ ልማዱ ባሕር ዛፉ ሥር ሲደርስ ቆመ። ስንት ዓመት ከዚያ ዛፍ ሥር ጠርቼ መልሼዋለሁ... አልጠራሁትም። ቁርጥ ቁርጥ ነው።

ከዚያ ፊት ለፊቴ ያለው የሙሐመድአሚን ሱቅ ገባ።

ኅዳር 3

ገዢ የለም። ዕረፍቱ በዛ።

ሀጀራ ወፍጮ ቤት የባዘዘውን ሚስት የብርጓልን አግኝታለች። ሙሐመድአሚን በስልሳ ነው የሸጠለት። ባዘዘው "ሦስቴ ጠራኝ" እያለ ያወራል አሉ። ስለ እኔ ደግሞ፣ "ምን በድዬው ነው? ሃያ ዓመት ወዳጅ ብዬ... በጣቱ ግድግዳ አሳየኝ!" ጥር ላይ ልጁን ወለላን ይድራል። ለሠርጉ እንዳትጠሩት ብሏል።

እኔ እኮ ያረከስኩለት እኔ ነኝ! ለሀጀራ እንዲህ አልኳት።

"አንቱ የማርቆሱ ሱቅ በር ላይ አልቆሙም" አለች። "እኔ ነኝ የቆምኩት።"

ኅዳር 9

ሌሊቱን ሙሉ ስለ አንድ ባሕር ዛፍ ማሰብ... ደከመኝ።

ኅዳር 10፣ ገበያ

ባዘዘው ሰላም ሳይለኝ አለፈ። ወጣሁ። "ባዘዘው!" አልሰማም። "ባዘዘው፣ ና እንጂ ወንድሜ!" ዛፉ ጋ ሲደርስ ጆሮው ተከፈተ።

ገባ። አልተቀመጠም። ግድግዳውን በአገጩ አመለከተ።

"ያን ዕለት ያሳየኸኝ ምን ይላል?"

"'እንኳን ደህና መጣችሁ' ነው የሚለው።"

"ኧረ አንተ ሰው! አፍ የለህም? በአፍህ አትለኝም?"

ተቀመጠ። ሀጀራ ከፔርሙሱ ሻይ ቀዳችለት።

"ሰማንያ" አልኩት።

"ሌባ!" አለኝ። ፊቱ በራ። ሁለቴ ወጣ፤ ሁለቴ ጠራሁት። እሱ በጊዮርጊስ፣ እኔ በልጄ ማልን። ጉሮሮዬ ደረቀ... ፔርሙሱ እንኳ ቀዘቀዘ። አቡጀዲውን ታቅፎ ሲወጣ፣ "ጥር ላይ እንዳትቀር፤ ሀጀራንም ይዘህ" አለ።

ወረቀቱን አልነቀልኩትም። በሃምሳ ነው የገዛው።