ጠንቋይዋን ለሌላ ሰው አነበብካት

ታዴ የኔ፣

ከተለየኸኝ ዘጠኝ ወር ሞላ። ጓሮ ያለው ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። የስፌት መኪናዬን አንተ ትቀመጥበት የነበረው መስኮት ሥር አዛውሬዋለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ተናድጄብህ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ በዚህ ዕድሜዬ ቀናሁ።

ያንን የድሮ ፈረንሳይ ልብ ወለድ ታስታውሳለህ? የመኳንንቱን መዳፍ እያየች ዕጣቸውን የምትናገረው፣ በስውር መድኃኒት የምትቀምመው የፓሪሷ መበለት! እኔ ስሰፋ አንተ ከትምህርት ቤት መልስ አንዳንድ ምዕራፍ ታነብልኝ ነበር። ከአፍህ አልጠፋ ስትል «ጣውንቴ» ብዬ ስም አወጣሁላት፤ ትስቅ ነበር። ወታደሮች በሯን ሲደበድቡ፣ እሷም የጥንቆላ ካርዶቿን እሳት ውስጥ ስትጥል፣ እዚያ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ታመምክ። መጽሐፉን ይዘህ ሆስፒታል ገባህ። እኔ ስመጣ ዝም ትላለህ፤ ትንፋሽ አጥሮህ ነው ብዬ አንብብልኝ አላልኩህም።

ከቀብርህ በኋላ መጽሐፉን ፈልጌ አጣሁት። ባለፈው ወር ግን ሐዋ የምትባል የበርታ ሴት ቤታችንን አጠያይቃ መጣች። ሆስፒታል አጠገብህ ተኝተው የነበሩትን እናቷን ታስታምም የነበረችው ናት። እነሱ ዘንድ የቀረውን መጽሐፍ በሻሽ ጠቅልላ ይዛለች።

«ጠዋት ጠዋት ለእማዬ ያነብ ነበር፣ እስከ መጨረሻ» አለችኝ። «ጠንቋይዋ ስትናገር ድምፁን ይለውጣል። እማዬ ሕመሟን ረስታ ትስቃለች።»

ለእኔ እኮ አንድም ቀን ድምፅህን ለውጠህ አታውቅም! ምሳህን ልሠራ ቤት ስመለስ፣ አንተ መጨረሻውን ለባዕድ ታነባለህ። ሐዋን ግቢ እንኳ ሳልላት ሸኘኋት።

ስድስተኛ ክፍል ላይ በተቋረጠ ትምህርቴ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ የቀረውን ራሴ አነበብኩት። ለካ ታመልጣለች! በጀልባ ወንዙን ተሻግራ ሌላ ከተማ ውስጥ እንደገና መዳፍ ታያለች። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ከዚያ የማወራለት ሰው አጣሁ።

ቅዳሜ እያፈርኩ ሐዋ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። እናቷ እጄን ይዘው «አንተ የመምህሩ ሚስት ነህ?» አሉኝ። የተሰባበረው አማርኛቸው ወንድ ቢያደርገኝም ሳቄ አልመጣም። «እንዴት አድርጎ ነበር የሚያነበው?» አልኳቸው።

አሮጊቷ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «መዳፍህን ወዲህ በል፣ ጌታዬዬ!» አሉ።

አንተው ነህ። ተማሪ ስትቆጣ ቃል የምትጎትተው አጎታተት፣ ራሱ። ሳቅሁ፤ ከዚያ ሐዋ ውኃ እስክታመጣልኝ ድረስ አለቀስኩ።

አሁንም እቀናለሁ፣ አልዋሽህም። ግን በየቅዳሜው እሄዳለሁ። እኔ አነባለሁ፣ የጠንቋይዋ ተራ ሲደርስ እሳቸው ይቀበሉኛል። የሳቅከውን፣ ያሳልከውን፣ ገጽ ስትገልጥ ያልከውን ሁሉ እየጠየቅኩ ከእሳቸው ላይ እየለቀምኩህ ነው። እኔ ዘንድ የማይገኝ አንተ እሳቸው ጋ እንዲቀር አልፈቅድም።

ቀናተኛዋ ሚስትህ፣
ዘውዴ