አልፈርምም ብለው ፋብሪካ ያስቀሩት የጋሽ ማጠፊያ የሕይወት ታሪክ

ጋሽ ማጠፊያ ከአውቶቡስ መካኒክ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው ባለ አንድ መስኮት ቤት፣ ጥር 9 ቀን 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። አዋላጇ ሕፃኑን ስታነሣ ክንዷ ዝሎ ረዳት መጥራቷ በቤተሰቡ ዘንድ የታወቀ ነው። በሰባት ወራቸው ቆሙ፤ በዘጠነኛው ሮጡ፤ በዓመታቸው ከጎረቤት ጋር ተከራክረው ረቱ። የሚጠራጠር ለቀስተኛ ካለ የጎረቤትየው ልጅ እዚሁ ተቀምጠዋልና ይጠይቃቸው።

ማጠፊያ የሚለውን ስም እናትና አባታቸው አላወጡላቸውም። ሰው ሊያሾፍባቸው ያወጣው ነው። ቤተሰቡ በዚህ ወረቀት ሽፋን ላይ በትልቁ ያሳተመው ግን ወዶና ፈቅዶ ነው።

ትምህርታቸውን በሠፈራቸው ትምህርት ቤት ጀምረው፣ ከአንደኛ በላይ ደረጃ ስላልነበረ ብቻ አንደኛ እየወጡ ጨረሱ። በ1971 ዓ.ም. በሕግ ሲመረቁ ለትከሻቸው የሚበቃ ካባ ጠፍቶ ሁለት ካባ ተጋጥሞ ተሰፋላቸው። በዚያው ዓመት በኢንቨስትመንት ቢሮ ተቀጠሩ። በ1975 ዓ.ም. የሂሳብ መምህርት ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ባለቤታቸው ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በቀይ እስክሪብቶ ስላረሙት፣ ከዚህ በታች የሚነበበው ቁጥር ሁሉ የእርሳቸው ነው። ከዚህ በላይ ያለውን ግን ጸሐፊውን፣ የጋሽ ማጠፊያን ታናሽ ወንድም፣ “ያኔ እኔ አልነበርኩም፤ እንደፈለግህ” ብለው አልፈውታል።

በ1990 ዓ.ም. መንግሥት የአውሮፕላን አካል የሚሠሩ ኩባንያዎችን ለመሳብ ድጎማ መደበ። ፋብሪካውን እዚህ ለሚተክል የማሽኑን ዋጋ ግማሽ፣ የሠራተኞቹን ሥልጠና ደግሞ ሙሉ በሙሉ እከፍላለሁ አለ። ጋሽ ማጠፊያ ያኔ የቢሮው የድጋፍ ክትትል ኃላፊ ነበሩ። በከተማው ግማሹ ወጣት ሥራ አጥቶ በየሱቁ ደረጃ ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበርና፣ የሚመጣውን ኩባንያ ሁሉም ሰው እንደ ሠርግ ይጠብቀው ጀመር።

አንድ ኩባንያ መጣ። ጋሽ ማጠፊያ በድርድሩ ላይ አንዲት አንቀጽ አስገቡ፦ ኩባንያው አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላ ማሽኖቹን ነቅሎ ከሄደ የተቀበለውን ድጎማ ከነወለዱ ይመልሳል፤ ይህን ግዴታ ማንሣት የሚቻለውም የድጋፍ ክትትል ኃላፊው ሲፈርም ብቻ ነው። የኩባንያው ጠበቃ ሳቀ።

“ባለቤትዎን ሲያገቡም እንዲህ ነው የተዋዋሉት?”

“እርሷ ድጎማ አልጠየቀችኝም” አሉት።

አንቀጿ ገባች። ጠበቃው ከዚያ ወዲህ ሥራውን ትቶ የአትክልት ዘር ይሸጣል ይባላል።

በ1993 ዓ.ም. ፋብሪካው ሲመረቅ ከተማው ሁሉ ሱፍ ለብሶ፣ አንገቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ ወጣ። ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋው ጨርቅ ሲገለጥ ከሥሩ የመዳፍ ስፋት ያላት አንዲት ማጠፊያ ተገኘች፤ የአውሮፕላን የዕቃ መጫኛ በር የሚታጠፍባት። ከሕዝቡ መካከል የሠፈራችን ፀጉር አስተካካይ ድምፁን ከፍ አደረገ።

“ሱቄን ዘግቼ የመጣሁት ለዚች ነው? እቤቴ በር ላይ ሦስት አለኝ እኮ!”

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ማጠፊያ ማጠፊያዋን አንሥተው “የእርስዎ በር ቢላላ ድመት ይገባል፤ ይቺ ከላላች ግን ሰው ይወጣል” ብለው መለሱለት። ሆኖም ስሙ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተለጠፈባቸው። አውሮፕላን አመጣለሁ ብለው ማጠፊያ ያመጡ ሰው ተባሉ። ሕፃናት እንኳ “ጋሽ ማጠፊያ፣ ክንፉስ መቼ ነው?” እያሉ ይከተሏቸው ነበር። እርሳቸውም ዞረው “አንተ ተምረህ ስትሠራው” ይሏቸዋል። በዓመቱ የፀጉር አስተካካዩ ልጅ በፋብሪካው የጥራት መርማሪ ሆና ተቀጠረች፤ አባቷም ስለ ቤቱ በር ማውራት አቆመ።

በ1999 ዓ.ም. አንድ ሌላ አገር ለኩባንያው ከእኛ የበለጠ ድጎማ አቀረበለት። ኩባንያው ማሽኖቹን ጭኖ ለመሄድ ፈለገ፤ ግዴታው እንዲነሣለትም ቢሮውን ጠየቀ። የቢሮው የበላይ ኃላፊ ጋሽ ማጠፊያን አስጠርተው እንዲፈርሙ አዘዟቸው።

“እነዚህን ካስቀየምን ሌላ ባለሀብት ዝር አይልም” አሏቸው።

“ወስዶ መሄድ የሚቻልበት አገር ነው ከተባለማ ባለሀብት ሞልቶ ይመጣል፤ ወስዶም ይሄዳል” ብለው ጋሽ ማጠፊያ መለሱላቸው።

“ወንድሜ፣ አታክርረው። አንድ ፊርማ ነው።”

“ከኋላዋ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ተሰልፏል። አልፈርምም።”

ቤተሰቡ በዚህ ቦታ ላይ አራት ሺህ ብሎ ነበር፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የባለቤታቸው እርማት ነው። ቢሆንም ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ከነቤተሰቡ ተሰብስቦ ያየ ሰው አራት ሺህ ቢል አይፈረድበትም።

ከሥልጣናቸው ለማንሣት ጥፋት ያስፈልግ ነበር። ጥፋት ተፈለገ፤ ታጣ። ክፍላቸውን መንጠቅ ግን ጥፋት አያስፈልገውምና፣ ጠረጴዛቸው ከሦስተኛ ፎቅ ወርዶ ከደረጃው ሥር፣ የተሰበሩ ወንበሮች የሚቆለሉበት መጋዘን ገባ። ስልክ አልነበረውም፤ መስኮት አልነበረውም፤ ሰው ደረጃውን ሲወጣ አቧራ ይረግፍባቸው ነበር። የፋብሪካው ሠራተኞች ሊጎበኟቸው ሲመጡ እርሳቸው አንዱን ወንበር ከግድግዳ አስደግፈው “ዘና በል፤ እንዳትነቃነቅ ብቻ” ይሉ ነበር። በወሩ መዶሻና ሙጫ ከቤታቸው አመጡ። በዚያ መጋዘን ዘጠኝ ዓመት ሲቆዩ በቢሮው ውስጥ የተሰበረ ወንበር አለቀ፤ የበላይ ኃላፊው የሚቀመጡበት ጭምር የእርሳቸው እጅ ሥራ ነበር። በየዓመቱ ያው ወረቀት ይወርድላቸዋል፤ በየዓመቱ ሳይፈረም ይወጣል።

ኩባንያው ድጎማውን ከነወለዱ መልሶ መሄድ ከመቆየት ይልቅ እንደሚጎዳው ሲገባው ሻንጣውን ፈታ። በ2008 ዓ.ም. ጋሽ ማጠፊያ ጡረታ ሲወጡ የውሉ ዓመት አልቆ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ኩባንያው እዚሁ ሁለተኛ አዳራሽ እየሠራ ስለነበር መሄድን የሚያነሣ አልነበረም። ያመሰገናቸውም አልነበረም። ከመጋዘኑ የወጡት መዶሻቸውን በካርቶን ይዘው፣ በእግራቸው ነው።

ባለፈው ዓመት የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ የቀድሞው የበላይ ኃላፊ ብርቱካን ይዘው ጠየቋቸው። በፋብሪካው በር ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ሊሰቀል መሆኑን ነገሯቸው። ፋብሪካው እዚሁ እንዲቀር የተወሰነው በሁለቱ ስምምነት ነው የሚል አጭር ቃል ላይ ከፈረሙ የሁለቱም ስም እንደሚወጣ አስረዷቸው። ጋሽ ማጠፊያ እስክሪብቶውን ተቀብለው አዩት።

“ጤነኛ ሆኜ ያልፈረምኩትን፣ አሁን አልጋ ላይ ተኝቼ ልጀምረው?” ብለው መለሱላቸው። ብርቱካኑን ግን ተቀበሉ፤ ጥሩ ብርቱካን ነበር።

ጋሽ ማጠፊያ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል።

የቀድሞው የበላይ ኃላፊ ዛሬ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። ስለመጡ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። የተነበበው ግን እንደተነበበ ይቆያል። ሰሌዳው ባለፈው ሳምንት በአንድ ሰው ስም ብቻ ተሰቅሏል፤ ቤተሰቡ ይነሣ ብሎ አይጠይቅም። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ፈረቃ በዚያው በር፣ ሰሌዳውን ቀና ብሎ ሳያይ፣ ምሳውን ይዞ ወደ ሥራው ይገባል። ከዚህ የበለጠ መታሰቢያ ያለው ይምጣና ያሳየን።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን። ለኛም እምቢ የሚል ሰው አያሳጣን።